ክሊን ፓች ላይ ስገርፍ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከጊታሩ ነው፣ ከሞዴለሩ ወይስ ከሚክሰሩ?

ባለስድስትክር (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ክሊን ፓች (ንጹህ የጊታር ድምፅ እንዲሰጥ ሞዴለሩ ላይ ያስቀመጥኩት ቅንብር) ላይ የማልፈልገው ዲስቶርሽን (የድምፅ መሰንጠቅ) እየገባብኝ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ መለየት አቅቶኛል። ያለውን ሁሉ ልዘርዝር።

ጊታሩ ሁለት ሃምበከር (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር የፒክአፕ ዓይነት) አለው፤ ውስጡም በ9 ቮልት ድንጋይ የሚሠራ ፕሪአምፕ (ሲግናሉን ቀድሞ የሚያጎላ) ተገጥሞለታል። በ6 ሜትር ኬብል ወደ ሞዴለሩ (የአምፕና የኢፌክት ድምፅ በዲጂታል የሚያስመስለው መሣሪያ) ይገባል። ሞዴለሩ መሬት የሚቀመጥ ነው፣ በ9 ቮልት አዳፕተርም በአራት ትንንሽ ድንጋይም ይሠራል፤ የክሊፕ መብራት (ሲግናሉ ከልክ አልፎ ጫፉ ሲቆረጥ የሚበራው) የለውም። ፓቹ ላይ በቅደም ተከተል ኮምፕረሰር (ጮክና ለስለስ ያለውን ምት የሚያቀራርብ)፣ ክሊን አምፕ (ጌኑ ማለትም ማጉያው 30)፣ ካብ (የጊታር ስፒከር ሳጥን ሞዴል)፣ ኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ)፣ ኮረስ፣ ዲሌይ እና ሪቨርብ አሉ። ከግራና ቀኝ መውጫው ሁለት ገመድ፣ አንድ ጫፉ ስቴሪዮ ጃክ ሌላው ኤክስኤልአር የሆነ፣ በስቴጅ ቦክስ (የመድረኩን ገመዶች ሰብስቦ ወደ ሚክሰር በሚወስደው ሳጥን) በኩል ወደ አዳራሹ ሚክሰር ሁለት የማይክ ቻናሎች ይሄዳል።

ድርደራ ላይ ድምፁ ንጹህ ነው። ግርፍ ላይ ግን የምቱ መጀመሪያ «ጠሽ» ይላል፣ በተለይ ሁለቱ ወፍራም ክሮች ሲመቱ። ረዘም አድርጌ የምይዘው ኖታ ደግሞ ሊያልቅ ሲል ይከረክራል። በሄድፎን ሳዳምጥ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

የሞከርኩት ይኸውና። የአምፑን ጌን ከ30 ወደ 10 አወረድኩ፣ ለውጥ የለም። የሚክሰሩን ፌደር (የቻናሉን ድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) አወረድኩ፣ ድምፁ ቀነሰ፣ መሰንጠቁ እንዳለ ነው። የጊታሩን ቮሊውም ከ10 ወደ 6 ሳወርድ ይጠፋል፤ ያኔ ደግሞ ሊዱ (ዜማውን የምመራበት) ከኪቦርዱ ሥር ይቀበራል። ስገርፍ ሚክሰሩ ቻናል ላይ ቀዩ መብራት ብልጭ ይላል። «ሞዴለሩን ቀይረው» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ከዚያ በፊት ምን ልመርምር?


ስታኞ (አዳማ)፦

ወንድሜ፣ ለመግዛት አትቸኩል። ከጻፍከው ብቻ ቢያንስ ሁለት ቦታ የተበላሸ ነገር ይታያል፤ አንዱ በሄድፎን የሚሰማው፣ ሌላው ሚክሰሩ ላይ የሚጨመረው። አንድ ላይ ስለምትሰማቸው ነው የምታስተካክለው ነገር ሁሉ ለውጥ የሌለው የሚመስልህ።

ትልቁ ፍንጭ «ፌደር አወረድኩ፣ መሰንጠቁ እንዳለ ነው» ያልከው ነው። ሲግናሉ አንድ ቦታ ጫፉ ከተቆረጠ ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልፍ ሁሉ የተቆረጠውን ያሳንሰዋል ወይም ያተልቀዋል እንጂ አይመልሰውም። አንተ ዘንድ ሊቆረጥባቸው የሚችሉ አምስት ቦታዎች አሉ፦ የጊታሩ ፕሪአምፕ፣ የሞዴለሩ መግቢያ (አናሎጉ ወደ ዲጂታል የሚቀየርበት)፣ የፓቹ ብሎኮች (ኮምፕረሰር፣ አምፕ፣ ካብ እና የመሳሰሉት)፣ የሞዴለሩ መውጫ፣ የሚክሰሩ ማይክ ፕሪአምፕ። የጊታሩ ቮሊውም ሲወርድ መጥፋቱ ከአምስቱ የትኛው እንደሆነ አይነግርህም። ከፊት ስትቀንስ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይቀልላቸዋል።

ስለዚህ ከፊት ወደ ኋላ እንሂድ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየነካን።

መጀመሪያ ጃኩን ነቅለህ ጊታሩን ባዶውን ግረፈው። ክሩ ፍሬት እየነካ «ዝርር» የሚል ከሆነ ኮምፕረሰሩ ያንን አጉልቶ ዲስቶርሽን ያስመስለዋል። በዚያው ፒክአፑን ተመልከት። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነህ ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ አናት ያለውን ለካ፤ ለሃምበከር ብሪጅ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት) በኩል 1.6፣ ኔክ (አንገቱ) በኩል 2.4 ሚሊሜትር አካባቢ የተለመደ መነሻ ነው። በጣም ከቀረበ ሲግናሉ ይገዝፋል፣ ማግኔቱም ክሩን ስለሚስበው ኖታው እየተወላገደ ይወጣል።

ቀጥሎ ሚክሰሩን ሙሉ በሙሉ ተወው። አዳፕተሩን ንቀል፣ ድንጋይ አስገባ፣ ሄድፎን አድርግ። ባዶ ፓች ክፈት፣ ሁሉም ብሎክ ጠፍቶ፣ የፓቹ ሌቭል መሃል ላይ ሆኖ (መሣሪያው ላይ 0 ዴሲቤል ወይም 100 ተብሎ የተጻፈው)። አሁን አዳራሽ ውስጥ በምትመታበት ጉልበት ግረፍ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጭ ብሎ ሲፈትሽ እጁ ይለሰልሳል፣ ችግሩም ይደበቅበታል።

ባዶው ፓች ላይ «ጠሽ» ካለ ጉዳዩ ጊታሩ ወይም መግቢያው ነው። ሞዴለርህ የመግቢያ ፓድ (ሲግናል መቀነሻ) ወይም የመግቢያ ጌን ካለው በ6 ዴሲቤል አውርድና ድገም። 6 ዴሲቤል ማለት ቮልቴጁ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። «ጠሽ»ው ከጠፋ መግቢያው ነበር፤ ካልጠፋ ከጊታሩ ውስጥ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። በ24 ቢት መቀየሪያ የምቱ ጫፍ ከ−12 እስከ −6 ዴሲቤል ቢደርስ የምታጣው ነገር የለም፤ ሜትሩን አናት ለማስነካት አትድከም። የቫልቭ አምፕ ሲሞላበት ቀስ ብሎ ይጎብጣል፣ ዲጂታል ግን ከ0 በላይ ቦታ ስለሌለው በቢላ እንደተቆረጠ ነው የሚያደርገው። ጆሮ ላይ «ጠሽ» የሚለውም ያ ጠርዝ ነው።

ባዶው ንጹህ ከሆነ ብሎኮቹን ከፊት ጀምረህ አንድ በአንድ አብራ፣ ያበራኸውን አታጥፋ። ሞዴለርህ ሉፐር (የተጫወትከውን ቀድቶ የሚደጋግም) ካለውና ከሰንሰለቱ ፊት ማስቀመጥ ከተቻለ ሥራው በጣም ይቀልላል። አራት ባር ግርፍ ቅዳ፣ በራሱ ይደጋገም፣ አንተ እጅህን ለቁልፎቹ ታውለዋለህ። ምቱ ሁልጊዜ አንድ ስለሚሆን የምትሰማው ለውጥ ከብሎኩ እንደመጣ ታውቃለህ። ባዶ ፓች ላይ ንጹሕ መሆኑን ሳታረጋግጥ ግን አትቅዳ፣ ከመግቢያው የተቆረጠ ነገር አብሮ ይቀዳል።

መሰንጠቁ የጀመረበት ብሎክ የግድ ጥፋተኛ አይደለም። ብዙዎቹ የዛሬ ሞዴለሮች ውስጥ ለውስጥ በቂ ቦታ አላቸው፣ የሚሞላው መውጫው ላይ ነው። ኮምፕረሰሩ 6 ከጨመረ፣ ኢኪው 100 ኸርዝ ላይ 5 ከጨመረ፣ የፓቹ ሌቭል 4 ከጨመረ ወፍራሞቹ ክሮች በድምሩ 15 ዴሲቤል ወጡ ማለት ነው። በቮልቴጅ ከ5 እጥፍ በላይ ነው። የአምፑን ጌን ብታወርድም ለውጥ የሌለው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ የሚሞላው ከአምፑ በኋላ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ የፓቹን ሌቭል በ10 ዴሲቤል አውርደህ የሄድፎኑን ቮሊውም በዚያው ልክ ጨምር። ከጸዳ መውጫው ነበር።

ካብ ብሎኩ ጠፍቶ ሳለ የሚሰማህ ጥዝጣዜ ሌላ ነገር ነውና እንዳያሳስትህ። የጊታር ስፒከር ከፍተኛውን ድምፅ ይቆርጣል፤ ብዙ ካብ ሞዴሎች የሚቀዱት የሴለስቲየን ቪንቴጅ 30 የተጻፈለት ክልል ከ70 እስከ 5000 ኸርዝ ነው። ካብ ሲጠፋ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ እንዳለ ይወጣና ጆሮ ይወጋል። የአዳራሽ ስፒከር ላይ ካብ ሁልጊዜ ይብራ።

ሊያልቅ ሲል ይከረክራል ያልከውን ለይተህ ያዘው። ክሊፕ የሚሰማው ሲግናሉ ትልቅ ሲሆን ነው፤ በትንሹ ሲግናል የሚከረክር ነገር ሌላ ምክንያት አለው። እኔ የጊታሩን ድንጋይ እጠረጥራለሁ። ጃኩ ተሰክቶ ሳለ በቴስተር ለካው፣ ምክንያቱም ፕሪአምፑ የሚበራው ጃክ ሲገባ ነው፤ ድንጋዩ ሸክም ላይ ሆኖ ነው እውነቱን የሚናገረው። አዲስ አልካላይን 9.4 ወይም 9.5 ቮልት ያሳያል። ከ7.5 በታች ከሆነ ሳታስብ ቀይረው።


ፌደር (ሐዋሳ)፦

ስታኞ የጻፈውን ጨርስና ከዚያ ወደ እኔ ና። እኔ ሚክሰሩን ብቻ ልያዝ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ካለ እዚያም መቆረጡ አያጠራጥርም።

የዘማሪ ማይክ የሚልከው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ላይን ሲግናል (እንደ ሞዴለርህ ካለ መሣሪያ የሚወጣው) በፕሮፌሽናል ደረጃ (+4 ዲቢዩ) 1.23 ቮልት፣ ዝቅ ባለው ደረጃ (−10 ዲቢቪ) 0.316 ቮልት ነው። አንተ በኤክስኤልአር ስለገባህ በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ነገር ለማይክ በተሠራ ፕሪአምፕ ውስጥ እየጨመርክ ነው። የጌኑ ቁልፍ ደግሞ ማጉያ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቢወርድም ብዙ ሚክሰሮች ላይ ለላይን ሲግናል አይበቃም። ፌደሩ ከፕሪአምፑ በኋላ ስለሆነ ምንም ሊያደርግልህ አይችልም።

ሦስት መፍትሔ አለ። ቻናሉ ላይ ፓድ የሚል ማብሪያ ካለ (20 ወይም 26 ዴሲቤል ይቀንሳል) እሱን ተጫን። ሞዴለሩ መውጫውን ከላይን ወደ ኢንስትሩመንት መቀየር ከቻለ ቀይረው። ከሁሉም የምመርጠው ግን ፓሲቭ ዲአይ ቦክስ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በሞዴለሩና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ሳጥን) ነው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሲግናሉን በ20 ዴሲቤል አካባቢ ያወርደዋል፣ ለረጅሙ የስቴጅ ቦክስ ገመድ ባላንስድ (ገመዱ መንገድ ላይ ረብሻ እንዳይስብ) ያደርገዋል፣ የሞዴለሩንና የሚክሰሩን መሬት (ኧርዝ) ይለያያል። ሚክሰሩ ከመድረኩ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዲአይም አያስፈልግም፣ ከጃክ ወደ ጃክ በቀጥታ ላይን መግቢያው ላይ ስካው።

አሁን ካልነገርኩህ የማይሆን ነገር፦ ፋንተም ፓወር (ሚክሰሩ በማይክ ገመድ የሚልከው 48 ቮልት)። በትንንሽ ሚክሰሮች ላይ 48 ቮልቱ ለሁሉም የማይክ ቻናል በአንድ ማብሪያ ነው የሚበራው። ለኮንደንሰር ማይክ ተብሎ ሲበራ በአንተ ገመድ በኩል ወደ ሞዴለሩ መውጫ ይሄዳል። አንዳንዱ መሣሪያ ይችለዋል፣ አንዳንዱ መውጫው ይጎዳል። ዲአዩ እስኪገኝ ድረስ ከመሰካትህ በፊት መጥፋቱን ሳውንድ የያዘውን ሰው ጠይቅ።

ጌን አሠራር፦ ፌደሩን ዝጋ፣ ፒኤፍኤል (ከፌደሩ በፊት ያለውን ሲግናል ሜትሩ ላይ የሚያሳየውን ቁልፍ) ተጫን፣ ጊታሪስቱ ከሁሉ የሚጮኸውን ፓች ከፍቶ ለ30 ሰከንድ በሙሉ ጉልበት ይግረፍ። ሜትሩ 0 አካባቢ ይወዛወዝ፣ ቀዩ አንድም ጊዜ አይብራ። ከዚያ ፌደሩን ክፈት። በክሊን አስተካክለህ በሶሎ ፓች ከገባህ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ሶሎ ፓች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ይበልጣል።

ሁለቱንም ገመድ መጠቀም ያስፈልግ እንደሆነ አዳራሹ ይወስናል። ስፒከሮቹ ሞኖ ከሆኑ ግራውን ብቻ ስካ። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ሲግናሎች አንድ ላይ ሲደመሩ 6 ዴሲቤል ይጨምራሉ፣ ኮረሱ ደግሞ ግራና ቀኙ ሲደባለቅ ይጠፋፋል።


ባለስድስትክር (ሐዋሳ)፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ውጤቱ ይኸው።

ባዶውን ሲገረፍ የፍሬት ድምፅ የለም። ባዶ ፓች በሄድፎን፦ «ጠሽ»ው ትንሽ አለ፣ መከርከሩም አለ። የመግቢያ ጌኑን በ6 ባወርደውም አልጠፋም። የጊታሩን ድንጋይ ጃኩ ተሰክቶ ስለካው 6.8 ቮልት። አዲስ አስገባሁ፣ 9.4 አሳየ፤ ባዶ ፓቹ ላይ ሁለቱም ጠፉ።

ብሎኮቹን አንድ በአንድ ሳበራ እስከ ካብ ድረስ ንጹህ ነው፣ ኢኪው ሲበራ «ጠሽ» ተመለሰ። ኢኪው 100 ኸርዝ ላይ +6 ነበር። የፓቹን ሌቭል በ10 አውርጄ ሄድፎኑን ስጨምር ጸዳ። ስታኞ እንዳልከው መውጫው ነው የሞላው።

እህቴ ፌደር፣ ያልሽውን ፓድ ፈለግኩ፣ ሚክሰሩ ላይ የለም። ዲአይ ቦክስ ከሌላ ቡድን ተውሰን እንሞክራለን። አንድ ጥያቄ ጨምሬ፦ መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ «እምምም» የሚል ድምፅ ከጊታሩ ቻናል ይመጣል። የኤክስቴንሽኑን የኧርዝ እግር ቁረጥ ያለኝ ሰው አለ። ልክ ነው?


ፌደር (ሐዋሳ)፦

በፍጹም እንዳትቆርጥ። ያ እግር የተሠራው መሣሪያ ውስጥ ገመድ ተላቆ ቆርቆሮውን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በሰው በኩል እንዳያልፍ ነው። ጊታሪስት እጁ ክር ላይ፣ ከንፈሩ ማይክ ላይ ነው፤ ክሩ በብሪጁ በኩል ከጊታሩ መሬት ጋር ተያይዟል። በሁለቱ መካከል 220 ቮልት ሊገኝ የሚችልበትን መንገድ በእጃችሁ አትክፈቱ። የቆረጠውም ካለ ኤክስቴንሽኑ ዛሬውኑ ይጣል።

«እምምም»ው 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ናቸው፣ ሞዴለሩና ሚክሰሩ በሁለት የተለያየ መንገድ መሬት ሲያገኙ የሚፈጠር ዙር ነው። መጀመሪያ ሞዴለሩን በድንጋይ አሠራው። ድምፁ ከጠፋ የአዳፕተሩ መንገድ ነው፤ ሞዴለሩንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት አውጣ፣ ወይም ዲአዩ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ማብሪያ ገልብጥ። ግራውንድ ሊፍት የሚያላቅቀው የኦዲዮ ገመዱን ሽቦ ብቻ ስለሆነ ለሰው አያሰጋም። በድንጋይም ካልጠፋ ፒክአፑ ከአጠገቡ ትራንስፎርመር ወይም አምፖል እየሳበ ነው፣ ቆመህበት ያለውን ቦታ ቀይር።


ስታኞ (አዳማ)፦

ፌደር ባለችው ላይ የምጨምረው ስለ አዳፕተሩ ነው። ጽሑፉን አንብብ፦ 9 ቮልት ዲሲ፣ የመሃሉ እግር ኔጋቲቭ፣ አምፔሩ ሞዴለሩ ከሚጠይቀው እኩል ወይም በላይ። አምፔሩ ቢበልጥ ምንም አይሆንም፣ ቮልቱ ቢበልጥ ወይም እግሩ ቢገለበጥ ግን መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል። ትንሹ ሞዴለር በ500 ሚሊአምፔር ይረካል፤ እንደ ኤችኤክስ ስቶምፕ ያለው ደግሞ የራሱ አዳፕተር 3 አምፔር ነው። ተራ የፔዳል አዳፕተር ሰክቶ «መሣሪያው ተበላሸ» የሚል ሰው አለና ልብ በሉ። አንድን አዳፕተር ለሞዴለሩና ለሌሎች ፔዳሎች በቅርንጫፍ ገመድ ማካፈልም ስስ ፉጨት ያመጣል።

ስለ ፓቹ፦ ሌቭሉን በ10 ማውረድ መፈተኛ ነበር፣ መፍትሔ አታድርገው። ኢኪውን ከ+6 ወደ 0 መልስና ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጥ። ወፍራሙ ክር ባዶውን 82 ኸርዝ ነው፣ ከዚያ በታች ያለው የእጅና የመድረክ ጉምጉምታ ስለሆነ ቦታ ከመያዝ በቀር ጥቅም የለውም። ከዚያ ኮምፕረሰሩን አብራ አጥፋ እያልክ ድምፁ እኩል እስኪሰማህ ሌቭሉን አስተካክል። የፓቹን ሌቭል መጨረሻ ላይ ንካው።

ጊታሩን ስትጨርስ ጃኩን ንቀል። ተሰክቶ ካደረ ፕሪአምፑም ሲበላ ያድራል፣ የ6.8ቱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።


ድርደራ (አዳማ)፦

ይህን ሁሉ ካስተካከላችሁ በኋላም አንድ ሻካራ ድምፅ ሊቀር ይችላል፤ እንደገና መሣሪያ ፍለጋ እንዳትወጡ ልንገራችሁ።

አንቺሆዬ ወይም አምባሰል ስትጫወቱ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ በሁለት ክር ላይ ተደራርበው ከጮኹ፣ ለምሳሌ ሚ 329.6 ኸርዝና ፋ 349.2 ኸርዝ፣ በሰከንድ ወደ 20 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነገር ይሰማል። እስከዚህ ድረስ የተፈጥሮ ነው፣ ክራር ላይም አለ። ጌን ያለው አምፕ ውስጥ ሲያልፍ ግን የሁለቱ ድምርና ልዩነት አዲስ ድምፅ ሆኖ ይወለዳል፣ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ጉርምርምታ ያመጣል። ትዝታ ዋና ላይ ግማሽ ድምፅ ስለሌለ በዚያው ፓች አይሰማችሁም። «አንዱ ዘፈን ላይ ይበላሻል፣ ሌላው ላይ ደህና ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

መለያው፦ ሁለቱን ኖታ ለየብቻ ምታ። ለየብቻ ንጹህ፣ አንድ ላይ ሻካራ ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው። የአምፑን ጌን እዚያ ፓች ላይ ዝቅ አድርግ፣ የቀደመውን ኖታ በግራ እጅ ጣት ጀርባ አፍን፣ ሁለቱንም ኖታ በአንድ ክር ላይ ተንሸራቶ መጫወት ከተቻለ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው በግድ ያቆማልና። ዲሌዩንም አትርሳ፤ ጣትህ ያፈነውን ኖታ ዲሌዩ መልሶ ያመጣዋል። ከአምፑ በፊት ከተቀመጠ ያ የተመለሰው ከአዲሱ ጋር ተደባልቆ ጌኑ ውስጥ ይገባል። ያንተ ከአምፑ በኋላ ስለሆነ እንዳለ ይቆይ።


ባለስድስትክር (ሐዋሳ)፦

ዲአዩ ተገኘ፣ ተሞከረ። አሁን ያለው አቀማመጥ ለሚቸግረው ሰው እንዲሆን፦ ጊታር ቮሊውም 10፣ የመግቢያ ጌን እንደነበረው፣ ኮምፕረሰር ሌቭል ከ+6 ወደ +2፣ አምፕ ጌን 25፣ ካብ በርቷል፣ ኢኪው 100 ኸርዝ 0 ሆኖ ከ80 በታች ተቆርጧል፣ የፓች ሌቭል −3። ከግራ መውጫው በአንድ ገመድ ወደ ፓሲቭ ዲአይ፣ ግራውንድ ሊፍት በርቷል፣ ፋንተም ጠፍቷል። ሚክሰሩ ላይ ጌኑ ከሩቡ በታች ነው፣ በሙሉ ግርፍ ቀዩ አይበራም። በጀነሬተርም «እምምም»ው ጠፍቷል።

ድርደራ፣ አንተ ያልከው ሻካራ ድምፅ አንቺሆዬ ላይ አለ፤ ለየብቻ ስመታ ንጹህ ነው። ለእሱ ብቻ የአምፕ ጌን 12 የሆነ ሁለተኛ ፓች ሠርቼ፣ ከክሊኑ እኩል እንዲሰማ ሌቭሉን በ2 ዴሲቤል ከፍ አድርጌ ሴቭ አድርጌዋለሁ።